የጋሼ ጥጋቡ ካርድ

1

የካቲት 7 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ። ጥጋቡ ወልደየስ አንድ እግሩ ላይ ካልሲ አጥልቆ ሁለተኛውን ሲፈልግ ስልኩ ጮኸ። መልእክቱ ከባንኩ ነው።

«ውድ ደንበኛችን ጥጋቡ፣ እንኳን ለልደት ቀንዎ በሰላም አደረስዎ።»

ልደቱ አልነበረም።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ውጭ የኤድመንተን በረዶ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ አንዳንዱ መንገዱ የጠፋበት ይመስል መስኮቱ አጠገብ ሲደርስ ወደ ላይ ይመለሳል። ጥጋቡ ባዶ እግሩን እያሻሸ መልእክቱን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ፣ ሚስቱ የሺመቤት በየዓመቱ ትለው በነበረው ድምፅ፣

«ጋሼ፣ እንኳን አደረስዎ» አለ።


2

አንባቢ እንዳይቸገር ነገሩን አሁኑኑ ልንገር።

ጥጋቡ የተወለደው ጥቅምት 14 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው። ወደ ካናዳ ለመግባት የተጠየቁትን ወረቀት የሞላችው የሺመቤት ናት። የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር እንዲህ ያለ ነገር ሁሉ የሷ ሥራ ነበር። የባሏን ልደት የምታውቀውን ጻፈች፦ ቀን 14፣ ወር 2፣ ዓመት 1951። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጥ እንዳለባት ልብ አላለችም። ወረቀቱን የተቀበለው ሰውዬም እንደ ተጻፈ ወሰደው።

በዚያች ቀን አንድ ሰው ተፈጠረ። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1951 በፈረንጅ የተወለደ። ከጥጋቡ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ የሚበልጥ። ስሙ ጥጋቡ ወልደየስ።

የመጀመሪያው ክሬዲት ካርድ የወጣው በዚህ ሰው ስምና የልደት ዓመት ነው። በካርዱ ላይ የሺመቤት ሁለተኛ ተጠቃሚ ሆና ተመዘገበች። ከዓመታት በኋላ ጥጋቡ ዜግነት ሲወስድ ልደቱን አስተካከለ፤ በፈረንጅ 1958 ሆነ። ባንኩ ጋ ሄዶ ማስተካከል ግን ለነገ፣ ለነገ ሲባል ቀረ። ካርዱ ይሠራል። የሚሠራን ነገር ማን ይነካካል?


3

የሺመቤት «ጋሼ ጥጋቡ» የምትለው ሌላውን፣ የወረቀቱን ሰው ነበር። ባሏን አንተ፣ ሌላውን እርስዎ።

— ሾርባው ጨው አነሰው፣ የሺ።
— ጋሼ ጥጋቡ ቢሆኑ «እጅሽ ይባረክ» ብለው ዝም ብለው ይጠጡ ነበር።
— ታዲያ ጨምሪለት ለሱ።
— ለሳቸው። ታላቅህ ናቸው፤ አፍህን አሳምር።

ሌላ ቀን፦

— ሰርግ ላይ ተነስተህ ትጨፍራለህ ወይስ እንዳለፈው ወንበር ታሞቃለህ?
— ጉልበቴን ያመኛል።
— ያሳዝናል። ጋሼ ጥጋቡን ይዤ እሄዳለሁ። በዚያ ዕድሜያቸው እስክስታ ሲወርዱ አላየህም።
— የት አየሻቸው አንቺ?
— አንተ ታክሲ ስትነዳ።

ባሏ እየሳቀ ጋዜጣውን ይገልጣል። ቅናት ቢጤም ይሰማው ነበር፤ ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።


4

ልደት

ጥጋቡ የራሱን ልደት አያከብርም። «ልደት የልጅ ነው» ይላል። ልጅ ደግሞ አልወለዱም። ስለዚህ በቤቱ የሚከበረው ልደት አንድ ብቻ ነበር፤ ባንኩ በየዓመቱ የሚያስታውሳቸው የጋሼ ጥጋቡ።

በዚያ ቀን ፈረንጆች የፍቅረኞች ቀን ያከብራሉ። ኬክ ቤት ብትገባ ክብ ኬክ አታገኝም። ያለው የልብ ቅርጽ ነው።* የሺመቤት በሳቸው ካርድ ትገዛዋለች፤ ጥጋቡ ፊት ታስቀምጠዋለች፤ ሻማውን ትለኩሳለች።

— እሳቸው ስለ ሌሉ አንተ እፍ በልላቸው።

እፍ ይላል።

* አንድ ዓመት የተረፈው የመጨረሻ ኬክ ላይ «ለሊንዳ» ተጽፎበት ነበር። የሺመቤት ጽሑፉን በቢላ ጠርጋ በላችው። ያን ቀን ሊንዳ የምትባለው ሴት ምን እንደ በላች ሁለቱም ሲያስቡ አመሹ።


5

ባለፈው መስከረም የሺመቤት አረፈች።

የዕድሩ ሰዎች አስከሬኑ ወደ አገር ቤት እንዲሄድ ጠየቁ፤ ልማዱ እንደዚያ ነው። ጥጋቡ እንቢ አለ። እሷ ራሷ ሆስፒታል ሆና «ማን ሊጎበኘኝ ነው የምትልከኝ? አንተ እዚህ፣ እኔ እዚያ» ብላው ነበር። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ተዳፋት ላይ፣ ጥዶቹ ሥር ተቀበረች።

ከሷ በስተቀኝ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ጥጋቡ የሚፈልገው ያንን ቦታ ነው። በዚህ ዓለም የቀረው ፍላጎት እሱ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም።

የመቃብር ቦታው ጽሕፈት ቤት ሴትዮ ትሁት ናት። ሌላ ቤተሰብም ቦታውን ጠይቋል፤ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ታቆይለታለች። ባንድ ጊዜ መክፈል ካልቻለ በየወሩ ይከፍላል። ለዚያ ግን ክሬዲቱ፣ ማለትም ተበድሮ የመክፈል ታሪኩ፣ መታየት አለበት። ስሙንና ልደቱን ጠይቃ ኮምፒውተሯ ውስጥ አስገባች። 1958። ጠበቀች። አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«ታሪክ አልተገኘም» አለችው።

ታሪክ።

አልተገኘም።

ስልሳ ስድስት ዓመት የኖረ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።


6

ተጨማሪ ካርድ ስትመርጥ
(ታሪክ እንዲኖረው በትክክለኛ ልደቱ አዲስ ካርድ ያውጣ ብሎ ጓደኛው ባዩ፣ በራሱ ታክሲ ውስጥ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ እንደ ነገረው)

ፎቶው የሚያምረውን አትምረጥ። እኔ አንበሳ ያለበትን መርጬ ይኸው አንበሳው በየዓመቱ በክፍያ ይበላኛል።

ባንድ ጊዜ ሦስት ቦታ አታመልክት። በጠየቅህ ቁጥር የክሬዲት ነጥብህ ይወርዳል። ባንድ ሳምንት ሦስት ቤት ሽማግሌ ብትልክ ማን ልጁን ይሰጥሃል?

ስታገኘው ሳጥን ውስጥ አትቆልፈው። ትንሽ ግዛበት። ቀኑ ሳያልፍ ሙሉውን ክፈል። እንደገና ትንሽ ግዛበት።

— መበደር ካልፈለግሁስ?
— እዚህ አገር ያልተበደረን ሰው ማንም አያውቀውም።
— እኛ ዘንድ የሚከበረው ያልተበደረው ነው።
— እሱማ ነው። አሁን የምትፈልገው መሬት ግን እዚህ ነዋ።
— ዕድሩ አይረዳኝም ባዩ? ሊቀመንበር አይደለህ እንዴ?
— ዕድሩ የሚከፍለው ስትሞት ነው። እስከ ሚያዝያ ከሞትክልን እናስብበታለን።

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ባዩ መስኮቱን በእጅጌው ጠረገ፤ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነበር የደፈረሰው።


7

ካርድ

የራስህን ገንዘብ አስይዘህ የምታገኘው። ማለትም ከራስህ ትበደራለህ፤ ራስህን ታምነው እንደሆነ ይታያል። ጥጋቡ ማብራሪያውን አንብቦ ሲጨርስ አስያዡም ተያዡም እሱ እንደሆነ ገባውና ወረቀቱን ገለበጠው።

ካርድ

የነዳጅ ማደያ። በታክሲው ዘመን ቢሆን ኖሮ። መኪናውን የሸጠው የሺመቤት ስትታመም ነው፤ አጠገቧ ሊውል።

ካርድ

ዓመታዊ ክፍያ የለውም። ገደቡ ትንሽ ነው። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ የሰማይ ሳይሆን ከሥሩ መብራት የበራበት ውሃ ዓይነት።

ጥጋቡ በቀለም መረጠ። ባዩ እንዳይሰማ።


8

ስለ ውሃው መናገር አለብኝ።

የሺመቤት ካደገች በኋላ፣ ካረጀችም በኋላ ማለት ይቻላል፣ መዋኘት ጀመረች። በየማክሰኞው ሰፈሩ ውስጥ ያለው መዋኛ የጀማሪዎች ሰዓት አለ። ዓመታት ሙሉ እዚያው ጀማሪዎቹ ጋ ቆየች። አስተማሪዋ ወደ ቀጣዩ ደረጃ እንድታልፍ ሲለምናት «ጀማሪ መሆን ደስ ይለኛል» አለችው።

ጥጋቡ መዋኛውን ከሚከልለው መስተዋት ወዲህ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያያታል። ውሃ አይወድም። ስትወጣ፣ ጸጉሯ እየተንጠባጠበ፣ «ጋሼ ጥጋቡ ዛሬ አብረውኝ ዋኙ» ትለዋለች።

የመዋኛው ክፍያ በየወሩ ከጋሼ ጥጋቡ ካርድ ላይ ራሱ ይቆረጣል። ከመስከረም ወዲህም ይቆረጣል። ጥጋቡ እየከፈለ ነው። ማንም ጠይቆት አያውቅም። ባንኩ የሺመቤት እንደምትዋኝ ነው የሚያውቀው።

እሱም ማክሰኞ ማክሰኞ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል።


9

ባንክ ቤት። የምታስተናግደው ወጣት ማኅደር ትባላለች፤ ከቤተ ክርስቲያን ያውቃታል። ጥጋቡ የመረጠውን ወረቀትና የድሮውን ካርድ ጎን ለጎን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

ማኅደር፦ ጋሼ ጥጋቡ፣ ይቀመጡ።

ጥጋቡ፦ ጋሼ አትበይኝ፣ ልጄ።

ማኅደር፦ ውይ፣ ቅር አለዎት?

ጥጋቡ፦ ጋሼ ሌላ ሰው ናቸው።

ማኅደር፦ (ሳይገባት) እሺ። ሰማያዊው ጥሩ ምርጫ ነው። ለጀማሪ የሚሆን።

ጥጋቡ፦ ለጀማሪ።

ማኅደር፦ አጠራሩ ነው፣ ይቅርታ። ግን ፍሬው ቶሎ አይታይም። ዓመት ቢያልፍ ነው ነጥብዎ ደህና የሚሆነው።

ጥጋቡ፦ ሚያዝያ ነው የምፈልገው።

ማኅደር፦ አይደርስም። (የድሮውን ካርድ አንስታ ኮምፒውተሯን ትመለከታለች) ይሄኛው… 1951 ይላል። የአባትዎ ነው?

ጥጋቡ፦ አባቴ ወልደየስ ነው የሚባለው።

ማኅደር፦ እውነትዎን ነው። እዚህ አባትና ልጅ አንድ የቤተሰብ ስም ስለሚይዙ እኔም ጠፋብኝ። ታዲያ እኚህ ማን ናቸው?

ጥጋቡ፦ እኔ ነኝ።

ማኅደር፦ (ካርዱን ታገላብጣለች)

ጥጋቡ፦ አይደለሁምም።

ነገራት። ማኅደር አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች፤ የራሷ እናት በወረቀት ከአያቷ ጋር እኩያ ሆና ልትቀር ምንም አልቀራትም ነበር።

ማኅደር፦ ግን እኮ እኚህ ሰውዬ አንድም የክፍያ ቀን አላሳለፉም። ይህን ያህል ዓመት! እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ጥጋቡ፦ ሚስቴ ናት የምትከፍልላቸው።

ማኅደር፦ በቃ፣ ተጨማሪ ካርድ ምን ያደርግልዎታል? ልደቱን እናስተካክለዋለን፤ የሳቸው ታሪክ በሙሉ ወደ እርስዎ ይመጣል። ለሚያዝያ ይደርሳል።

ጥጋቡ፦ እሳቸውስ?

ማኅደር፦ እሳቸው እነማን?

ጥጋቡ፦ ጋሼ ጥጋቡ።

ማኅደር፦ እሳቸው… አይኖሩም። አንድ ሰው ነው የሚኖረው።

ጥጋቡ፦ እህ።

ማኅደር፦ አንድ ነገር ብቻ አለ። ሲስተካከል ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይታያል። እዚህ ላይ ሁለተኛ ተጠቃሚ አለች፤ የሺመቤት። እሷም መጥታ መፈረም አለባት።

ማኅደር ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተዛውራ ስለነበር የሺመቤት ማረፏን አልሰማችም።

ጥጋቡ፦ ሌላ ቀን እመጣለሁ።


10

ስለ ጥጋቡ ስናገር ለምን «እሱ» እላለሁ? «እኔ» ብል ይቀል ነበር። ሁለት ሰዎች ባሉበት ግን መሃል ላይ ቆሞ «እኔ» ማለት ያስቸግራል።


11

ማክሰኞ። አግዳሚው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው ወይም አላደረገውም። የመዋኛው ሙቀት መስተዋቱን ጉም አልብሶታል።

ውሃው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሰው በጀርባቸው ተንሳፍፈው ነበር። ጸጉራቸው ነጭ ነው። ሆዳቸው እንደ ትንሽ ደሴት ብቅ ብሏል። ቀስ እያሉ መጡና መስተዋቱ አጠገብ ሲደርሱ ክርናቸውን ጠርዙ ላይ አሳረፉ።

— እንደምን ዋልክ፣ ጥጋቡ።
— እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?
— ውሃው ልክ ነው። ትገባለህ?
— አልችልም።
— እኔም አልችልም ነበር። ይዛኝ ገባች።

ጥጋቡ ለብዙ ዓመታት ሊጠይቅ ይፈልግ የነበረውን ጠየቀ።

— ትወድዎት ነበር?

ሽማግሌው በእጃቸው ውሃውን አስተካከሉት፤ አንሶላ እንደሚያነጥፍ ሰው።

— ኬክ ገዝታልኝ ታውቃለች።
— አውቃለሁ።
— ማን በላው?

ጥጋቡ ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ።

— ለጭፈራ ጠርታኛለች። አልሄድክም፤ እኔም አልሄድኩም። «እጅሽ ይባረክ» እንድል ፈልጋለች። አላልክም፤ እኔም አላልኩም። አንተ እንቢ ያልከውን ሁሉ እኔ ጋ አስቀመጠችው እንጂ፣ የኔ ዕቃ ምን አለ? ልደት አላከብርም ያልከው አንተ። ሻማውን እፍ ያለው ማነው?

ከወዲያኛው ጫፍ የአስተማሪው ፉጨት ተሰማ። የጀማሪዎች ሰዓት አልቋል።

— ደክሞኛል፣ ጥጋቡ። ከሷ በኋላ መኖሩ ከበደኝ። ዕቃህን ውሰድ።

ጥጋቡ መስተዋቱን በመዳፉ ጠረገው። ውሃው ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ማዕበሉ ብቻ እየተረጋጋ ነበር።


12

ሚያዝያ። በረዶው ተዳፋቱ ላይ እየቀለጠ ነው። ማኅደር ወረቀቱን አዘጋጅታ ጠበቀችው። በዚህ መሃል እናቷ ነግራታለች፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ለቅሶ ስላልደረሰች ተነስታ አቀፈችው። ከዚያ ተቀመጡ፤ ሥራው ሥራ ነውና መጠየቅ ነበረባት።

— ይቅር ይበሉኝ። ኮምፒውተሩ ያለ መልስ አያሳልፈኝም። እኔ እያወቅሁ መጻፍ አልችልም፤ ከእርስዎ አፍ መስማት አለብኝ።
— ጠይቂ።
— ሁለተኛ ተጠቃሚ፣ የሺመቤት። በሕይወት አሉ?



ከመስከረም ጀምሮ ሰው ሁሉ «አረፈች» ሲለው እሱ ራሱን ብቻ ይነቀንቅ ነበር። በራሱ አንደበት ምንም ብሎ አያውቅም።



ቦታው።



ከሷ በስተቀኝ።



«የለችም» አለ።

ማኅደር ጻፈች። የቁልፎቹ ድምፅ ትንሽ ነበር።

— ልደት?
— አስተካክዪው።


13

ነጥቡ ከፍ ብሎ መጣ። የመቃብር ጽሕፈት ቤቱ ሴትዮ ልደቱን ደግማ አስገባች፤ ጠበቀች፤ አንገቷ ዘንበል አላለም። «በጣም ረጅም ታሪክ አለዎት» አለችው።

ባዩ ሲሰማ፣

— በል እንኳን ደስ አለህ! አሁን ቶሎ እንዳትገባባት። ዕድሩ ካዝናው ባዶ ነው።
— ሊቀመንበሩ አንበሳ እየቀለበ ምን ይተርፋል?
— የሺ ሰምታህ ቢሆን በሳቀች።
— ሰምታለች።

ሰማያዊውንም ካርድ ወሰደው። አያስፈልግህም ተብሎ ነበር። መጀመሪያ የገዛበት የመዋኛ ቁምጣ ነው፤ ሰፊ ሆነበት፤ ሄዶ ቀየረው።


14

የድንጋይ ቀራጩ ለሁለት ሰው የሚሆን ድንጋይ አሳየው። በግራ የሷ ስም፣ የተወለደችበትና ያረፈችበት። የሷ ልደት በኛ አቆጣጠር ነው፤ ራሷ በእጇ በጻፈችበት መንገድ። በቀኝ የሱ ስምና ልደቱ፤ የቀረው ሥፍራ ለጊዜው ባዶ ይቆያል።

ቀራጩ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ «ዓመቱን ስንት ልበል?» ብሎ ጠየቀ።

ጥጋቡ ሁለቱን ዓመቶች አሰበ። አንዱን፣ 1958ን፣ ባንኩ አሁን ያውቀዋል። ሌላውን፣ 1951ን፣ እናቱና የሺመቤት ያውቁታል፤ ኬክም ተቆርጦለታል። ሁለቱም ውሸት አልነበሩም።

ነገረው።

ድንጋዩ ሰኔ ላይ ቆመ።

የሺመቤት            ጥጋቡ ወልደየስ
                            ተወለደ፦ 1951

ቀራጩ የተነገረውን ቀረጸ።